በመስኮቱ በኩል ያለው ግማሽ

ሰሌዳውን ያጠፋችው ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ያዘዛት የለም፤ የከለከላትም የለም። የሰባተኛ «ለ» ክፍል ወንበሮች ወደ ግድግዳ ተገፍተው፣ ወለሉ ላይ የላስቲክ ማሰሪያ፣ የብስኩት ወረቀትና የሲጋራ ቁራጭ ተበትኖ አገኘችው። ወለሉን ጠረገች። ጨርቋን ባልዲ ውስጥ ነክራ ጨመቀችና ከበሩ በኩል ጀምራ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ሰሌዳውን ወለወለች። ወንበሮቹን መልሳ ደረደረች። ሁለት ሰዓት ላይ ተማሪዎች ሲገቡ ክፍሉ እንደማንኛውም ሰኞ ንጹሕ ነበር።

እሑድ ግን ያ ክፍል ምርጫ ጣቢያ ነበር። ሰሌዳው ላይ የስምንት መቶ ሃምሳ ሦስት ሰው ድምፅ በጠመኔ ጭረት፣ አምስት አምስቱ እየታሰረ፣ ተቆጥሮበት ነበር።

ስሟን የሚጠራ የለም። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የነበሩ ተማሪዎች «ዳስተር» ብለው አወጡላት፤ ስሙም እሷም እዚያው ቀሩ። ሰፈሩ «እትዬ ዳስተር» ይላታል። ባሏ እንኳ ሲቆጣ ዳስተር ነው የሚላት። ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አጭር፣ ትከሻ ሰፊ፣ የጣቶቿ መገጣጠሚያ በጠመኔ የተሰነጣጠቀ። እስከ አራተኛ ክፍል ተምራለች፤ ሲያስፈልጋት ታነባለች። ሰሌዳ ግን አታነብም። «የጻፉት ለልጆቹ ነው» ትላለች፤ «ለኔ ጠመኔ ነው።»

በትምህርት ቤቱ አንድ ደንብ አለ። ለነገ እንዲቆይለት የሚፈልግ መምህር ጽሑፉን በሳጥን ከብቦ ጥግ ላይ «አይጥፋ» ብሎ ይጽፋል። እሷ የምታነባት ቃል ይህችው ብቻ ናት። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ «አይጥፋ» የተባለውን አጥፍታ፣ ያልተባለውን ትታ አታውቅም።

የጣቢያው ኃላፊ የሒሳብ መምህሩ ነበር። ተማሪዎቹ «ኤክስ» ይሉታል፤ ሲናደድ ጠመኔውን ጠረጴዛ ላይ እየመታ «ኤክስን ፈልጉልኝ እንጂ እኔን አትፈልጉኝ» ስለሚል። እሱም በልጅነቱ እዚያው ተምሯል፤ እሷ ሥራ ስትጀምር አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ በባልዲዋ ውስጥ ቀለም ገልብጦ ጆሮውን ይዛዋለች። ያን እሑድ ድምፁ ተቆጥሮ ሲያልቅ ቅጹን በካርቦን ጻፈ፣ ታዛቢዎቹን አስፈረመ፣ አንዱን ኮፒ ግቢው በር ላይ ለጠፈ፣ ሳጥኑን አሽጎ አስረከበ። ስልክ ሁሉ በር ላይ ስለተሰበሰበ ሰሌዳውን ፎቶ ያነሳ የለም። አሥራ ስምንት ሰዓት ቆሞ ስለዋለ ደክሞታል። ጥግ ላይ አንዲት ቃል መጻፍ ረሳ።

በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት ጠዋት አልነበረም። ማጣበቂያው ብቻ ቀርቶ ነበር።

ሰኞና ማክሰኞ ሬዲዮው ሐኪሙ እየመራ ነው አለ። ሐኪሙ የተቃዋሚዎቹ ዕጩ ነው። ሰው በየሱቁ በር እየቆመ ያዳምጥ ነበር፤ የማይተዋወቁ ሰዎች ይጨባበጡ ነበር። ረቡዕ መሪው በቴሌቪዥን ቀረበ። አልተሸነፍኩም አላለም፤ ስለመሸነፍ ምንም አላነሳም። «ልጅ ሲሳሳት አባት ዝም ብሎ አያይም» አለ። «ያርማል።» ከዚያ በኋላ እርማቱ ጣቢያ በጣቢያ ይነበብ ጀመር። የትምህርት ቤቱ ጣቢያ ሐሙስ ደረሰው፦ መሪው ስድስት መቶ ሠላሳ አንድ፣ ሐኪሙ ሁለት መቶ ስድስት፣ የተበላሸ አሥራ ስድስት።

እሑድ ማታ ወረቀቱ ሳይቀደድ በፊት ያነበቡ ሰዎች ነበሩ። ቁጥሩን ያውቁታል። ስድስት መቶ ሠላሳ አንዱ የሐኪሙ ነበር። አዲስ ቁጥር ለመፍጠር እንኳ አልደከሙም፤ ገለበጡት።

«ሰውዬው እኮ ሚስቱ ብትፈታው ድምፅ ይደገም ነው የሚለው» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ደንበኛው አገጭ ሥር ምላጭ እንደያዘ።

«አንተ ሰው፣ ፖለቲካውን ቆይተህ አውራው» አለ ደንበኛው፤ «አንገቴ ነው።»

«አንገትህንማ እሱ ይዞታል። እኔ ጢምህን ብቻ ነው የያዝኩት።»

የቀልዱ ጊዜ አንድ ቀን ብቻ ቆየ። ዓርብ ጎማ ተቃጠለ። ሱቆች መዝጊያቸውን እስከ ወገብ አወረዱ፤ ሰው ጎንበስ ብሎ እየገባ ሳሙናና ሻማ ይገዛል። አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ሁለት ሰው ተገደለ፤ አንዱ ለሰልፍ የወጣ፣ አንዱ የእህቱን ጫማ ሊያሠራ የወጣ። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። በተዘጋ በስምንተኛው ቀን በየግድግዳው ላይ አንድ ቁጥር ታየ፦ 631። በጠመኔ፣ በከሰል፣ በቀለም። መፈክር አልነበረውም። ማንበብ የማይችልም ቁጥር ይለያል።

መጀመሪያ የጠየቃት ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ከኋላዋ የቆመ ሰው ነው።

«እትዬ ዳስተር፣ እውነት ሰሌዳውን ያጠፋሽው አንቺ ነሽ?»

«እና ማን ያጥፋው?»

«ወረቀቱን እነሱ ቀደዱ፤ ሰሌዳውን ግን አንቺ። የቀረን እሱ ነበር እኮ!»

«አይጥፋ አልተባለም።»

ሰልፉ በሙሉ ዞሮ አያት። አንዲት ሴት ከፊት ሆና፣ «ካልሽስ ይሄን ሰልፍም አጥፊልን» አለች። ሳቁባት። ዳቦዋን ሳትገዛ ተመለሰች።

ባሏ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ላይ ትኬት ሲቆርጥ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሬዲዮውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ይውላል፤ አያጠፋውም፣ አያምነውምም።

«ምን አጠፋሁ?» አለችው።

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን እኔን?»

«ሹፌሩ መንገድ ሲስት የሚሰደበው ትኬት ቆራጩ ነው» አለ። «ሹፌሩ ጋ ለመድረስ በተሳፋሪ መሃል ማለፍ አለብሽ። ትኬት ቆራጩ ቅርብ ነው።»

ኤክስን የወሰዱት በሁለተኛው ሳምንት ነው። «ታርሟል» የተባለውን ቅጽ እንዲፈርም ሦስት ጊዜ ጠርተውት ነበር፤ ሦስቱንም ጊዜ እምቢ አለ። የካርቦን ኮፒውን ከቤቱ አገኙት። ክሱ የምርጫ ውጤት መገልበጥ ሆነ፦ የመሪውን ድምፅ ለሐኪሙ፣ የሐኪሙን ለመሪው አድርጎ ጽፏል፤ ማስረጃ ለማጥፋትም ሰሌዳውን አስጠርጓል። የሐኪሙ ታዛቢ ድንበር ተሻግሯል ተባለ። የመሪው ታዛቢ ሊመሰክርበት ዝግጁ ነው። ከውጭ በመስኮት ያዩ ሰዎች «በክፍሉ ውስጥ አልነበሩም» ተብለው ተመለሱ። ከዚያ ሰሌዳ ጋር በሕጋዊ መንገድ አንድ ክፍል ውስጥ የነበረ ሌላ ሰው አንድ ብቻ ቀረ። ባልዲ የያዘው።

ርዕሰ መምህሩ ቢሮው አስጠራት። ተቀመጪ አላት። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ አታውቅም፤ ስትወለውለው ብቻ ነው የምታውቀው።

«ከላይ አመስግነውሻል» አላት።

«ለምኑ?»

«ለሥራሽ።» እስክሪብቶውን አዟዟረ። «ሰሌዳውን አጥፊ ያለሽ እሱ ነው፣ አይደል?»

«ማንም አላለኝም።»

«ምናልባት እሑድ ሲወጣ መንገድ ላይ...»

«እሑድ ቤቴ ነበርኩ። ልብስ ሳጥብ ነው የዋልኩት።»

«እትዬ፣ አስቢበት። ለጡረታ ስንት ቀረሽ?»

«ሦስት ዓመት።»

«ሦስት ዓመት ረጅም ነው» አለ ርዕሰ መምህሩ። ከዚያ፣ ልክ አሁን ትዝ እንዳለው፣ የግቢው አጥር ላይ የተጻፈውን ቁጥር እንድታጥብ አዘዛት።

አጠበችው። ሥራዋ ነው። ጠመኔው ወዲያው ለቀቀ፤ ከሰሉ በሳሙና ለቀቀ፤ ቀለሙ አልለቀቀም። መንገደኛ ሁሉ አያት። ፀጉር አስተካካዩ ከሱቁ በር ላይ ሆኖ፣ «በርቺ! መሪያችን ሲያረጅ እሱንም ታጥቢዋለሽ!» አላት። በማግስቱ ቁጥሩ ተመልሶ ተጽፎ ነበር፤ እንደገና አጠበችው። አምስት ቀን እንዲህ ሆነ። በስድስተኛው ቀን ቁጥሩን የቤቷ በር ላይ ጻፉት። የቤቷን አልነካችውም። ባሏ ወጣና አየው፤ «ቢያንስ ጽሑፉ ያምራል» ብሎ ገባ።

የኤክስ ሚስት ልብስ ሰፊ ናት፤ የትምህርት ቤቱ ደንብ ልብስ በሙሉ በእሷ እጅ ነው የሚያልፈው። ከችሎቱ ሦስት ቀን በፊት እትዬ ዳስተርን አስጠራቻት። ሱቋ ጠባብ ነው፤ ያልተሰፋ ሰማያዊ ጨርቅ እስከ ጣሪያው ተከምሯል፤ ትምህርት ቤት ስለተዘጋ የሚወስድ የለም።

«እትዬ፣ ምን ልትያቸው ነው?»

«የሆነውን።»

«የሆነውን ምን? ቁጥሩን አይተሻል?»

«አላየሁም።»

ልብስ ሰፊዋ ጣቷ ላይ ያለውን የስፌት ቆብ አወለቀች። «እንዴት አላየሽም? አጥፍተሽው!»

«ስታጠፊ አታዪም። ቆሻሻ ነው የምታዪው።»

«እሺ። አላየሽም። ግን ታውቂዋለሽ። አገር ሁሉ ያውቀዋል፤ በርሽ ላይ ተጽፏል። በበሩ በኩል ሁለት መቶ ስድስት፣ በመስኮቱ በኩል ስድስት መቶ ሠላሳ አንድ ነበር በይልኝ። ሌላ ምንም አልለምንሽም። ውሸት አይደለም እኮ፣ እውነት ነው። ያላየሽው እውነት ነው እንጂ።»

እትዬ ዳስተር ከወለሉ ላይ የወደቀ ክር አነሳች። እሺም አላለች፣ እምቢም አላለች። ልብስ ሰፊዋ ዝምታዋን እሺታ አድርጋ ወሰደችው።

ችሎቱ ሞልቶ ነበር። በር ላይ ፖሊስ ጠመኔ ይፈትሻል፤ ኪሱ ውስጥ የተገኘበት ሁለት ሰው ተመልሷል። ኤክስ ጠበቃ አልነበረውም፤ የያዘለት ጠበቃ ባለፈው ሳምንት በሕመም ፈቃድ ጠይቆ ቀርቷል። ፂሙ አድጓል። ከሳሽ መቀመጫው ላይ ያለው ዐቃቤ ሕግ ወጣት፣ ልብሱ የተተኮሰ፣ ድምፁ ለስላሳ ነው። እትዬ ዳስተርን የጠራት እሱ ነው።

«እርስዎ የትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ ነዎት?»

በሕይወቷ «እርስዎ» ተብላ አታውቅም። ደስ አላላትም። «አዎ።»

«ሰሌዳውን እንዲያጠፉ ተከሳሹ አዝዘዎታል?»

«የለም።»

ዐቃቤ ሕጉ ወረቀቱን አየ። «እርግጠኛ ነዎት?»

«ቢያዘኝማ ጥሩ ነበር። ምንም አላለኝም። አይጥፋም አላለኝ። ጥፋቱ እሱ ነው፤ ቢጽፍ ኖሮ አልነካውም ነበር።»

ከኋላ ጉምጉምታ ተሰማ። ዳኛው መዶሻውን ሳያነሳ በእጁ ጠረጴዛውን መታ። ዐቃቤ ሕጉ ጨርሻለሁ አለ። ዳኛው ኤክስን መጠየቅ ትችላለህ አለው።

ኤክስ ተነሳ። ቁጥሩን እንዲጠይቃት ሚስቱ ከሦስተኛው ረድፍ አንገቷን አስግጋ ትጠብቃለች። እሱም የጠየቀው መጀመሪያ እሱኑ ነው።

«እትዬ፣ ሰሌዳው ላይ ምን ቁጥር ነበር?»

«አላነበብኩም።»

«ስድስት መቶ ሠላሳ አንድ የሚለውን ቁጥር ታውቂዋለሽ?»

«ከግድግዳ ነው የማውቀው። አምስት ቀን አጥቤዋለሁ።»

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ጨፈነች። ኤክስ ግን ወዲያው አልተቀመጠም። ተማሪ የተሳሳተ መልስ ሲሰጠው እንደሚያደርገው ጥያቄውን ከሌላ በኩል አመጣው።

«እሺ። ያን ሰኞ እንዴት አድርገሽ አጠፋሽው? ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪን።»

«ከበሩ ጀመርኩ። ሁልጊዜ ከበሩ ነው። በበሩ በኩል ያለው ግማሽ በአንድ ጨርቅ ሄደ፤ ሳላጥበው። በመስኮቱ በኩል ያለው አልሄደም። ሦስት ጊዜ ጨርቁን አለቅልቄ፣ ውሃው ወተት መሰለ፤ ደፍቼ ሌላ ባልዲ አመጣሁ።»

ዳኛው ቀና አለ። «ይህን እንዴት አስታወሱት? ሁለት ወር አልፎታል።»

«ቧንቧው ግቢ ውስጥ ነው፣ ጌታዬ። እስከዚያ ሃያ ሁለት ደረጃ አለ። ለአንድ ሰሌዳ ሁለት ባልዲ አውጥቼ አላውቅም። ስሳደብ ነበር።»

«ማንን?»

«የጻፈውን።» አገጯን ወደ ኤክስ አነሳች። «እሱን።»

ሰው ሳቀ። ፖሊሱም ሳቀ። ዐቃቤ ሕጉ ሳይፈቀድለት ተነሳ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ የጠመኔ ብዛት የድምፅ ብዛት አይደለም። በትልቁ የጻፈም ብዙ ጠመኔ ይጨርሳል።»

«እሱ በትልቁ አይጽፍም» አለች፤ «ከልጅነቱ ጀምሮ ጽሑፉ ትንንሽ ነው።»

«አላነበብኩም ብለውን አልነበር?»

«አላነበብኩም። ትንሽ መሆኑን ግን ጨርቁ ያውቃል። ትልቅ ጽሑፍ ይዘላል፣ ጥቁሩ መሃል መሃል ይታያል። ይሄ ነጭ በነጭ ነበር።»

ኤክስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በበሩ በኩል፣ ከላይ፣ የማን ስም ነበር?»

«አላውቅም። ስም ከላይ ነው የሚጻፈው፤ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው።»

«አመሰግናለሁ፣ እትዬ።» ወደ ዳኛው ዞረ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ከአራት ዓመት በፊት በወጣው ደንብ መሠረት በማንኛውም ሕዝባዊ ዝርዝር ላይ የመሪው ስም አንደኛ ይጻፋል። የድምፅ መስጫው ወረቀት ላይም አንደኛ ነው። የምንጽፈው ከግራ ወደ ቀኝ ነው። በክፍሉ ግራው በሩ ነው፤ ቀኙ መስኮቱ ነው።»

ከዚያ በኋላ ማንም አልሳቀም። ደንቡን ያወጣው መሪው ራሱ ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል፤ የትምህርት ቤት ጥሪ ወረቀት እንኳ በእሱ ስም ይጀምር ነበር። አንድ ጨርቅ በበሩ በኩል፣ ሦስት ጨርቅ በመስኮቱ በኩል። ሰው በከንፈሩ ሲያሰላ ይታያል። ጸሐፊዋ መተየብ አቁማ ዳኛውን አየችው። ዳኛው «ጻፊ» አላት። ጻፈች።

ለአሥር ቀን ሰፈሩ ሰላምታ መለሰላት። ዳቦ ቤት ቦታ ለቀቁላት። ፀጉር አስተካካዩ ባሏን በነጻ ላጨው፤ «ሚስትህ እኮ በጨርቅ መንግሥት ልትጥል ነበር» አለው። የበሯን ቁጥር ማን እንደሆነ ያልታወቀ ሰው አጥቦ ሄደ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ፍርዱ ተነበበ። የምስክሯ ቃል በሁለት መስመር ተጠቅሷል፦ ምስክሯ ያየችው የጠመኔ መጠን እንጂ የድምፅ መጠን አይደለም፤ ማንበቧንም ራሷ ክዳለች። ሦስት ዓመት እስር። መሪው በዚያው ሳምንት ቃለ መሐላ ፈጸመ፤ ቀኑ ሥራ ተዘጋ፤ የአውቶቡስ ጉዞ ነጻ ሆነ፤ የሄደ ሰው ጥቂት ነው። «ለሰውዬው አምስት ዓመት ተፈረደለት፣ በኤክስ ሦስት ዓመት ተፈረደበት» አለ ፀጉር አስተካካዩ፤ አሁን ግን በሩን ዘግቶ ነው። ሐኪሙ በጤና ምክንያት ከፖለቲካ መራቁን አስታወቀ። ግድግዳው ላይ አዲስ ቁጥር የጻፈ አልተገኘም።

ርዕሰ መምህሩ የመማሪያ ክፍሎቹን ቁልፍ ተቀበላት። ከእንግዲህ ግቢውንና መጸዳጃ ቤቶቹን ብቻ ነው የምታጸዳው። ደብዳቤው «የሥራ ዝውውር» ይላል።

ሰፈሩም ነገሩን መልሶ አሰበበት። ፍርዱ የተንጠለጠለው ማንበቧ ላይ ነበር፤ አንብቤአለሁ ብትል ምን ነበረበት? አንድ ቃል፤ ከአፏ ምን ይወጣባት ነበር? ለማለት ያህል የሚሉ ነበሩ፤ የምር የሚሉም ነበሩ። ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ቦታ የሚለቅላት ቀረ።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ልብስ ሰፊዋ ሱቅ ሄደች። ለምን እንደምትሄድ ለባሏ አልነገረችውም፤ እሷም በደንብ አታውቀውም ነበር። ትምህርት ተከፍቶ ሰማያዊው ጨርቅ ክምር ቀንሷል። ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናው ቀና አላለችም።

«ባልሽን በስንት ጊዜ ነው የምታዪው?» አለች እትዬ ዳስተር።

«በወር አንዴ። ከመስታወት ማዶ።»

«ቁጥሩን ብል ኖሮ ይይዙኝ ነበር። እያንዳንዱ ግድግዳ ላይ ነበር፤ ከየት አመጣሽው ይሉኝ ነበር። ያወቅኩትን ነው የነገርኳቸው። አመኑኝ እኮ። ዳኛውም አምኖኛል፤ ፊቱን አይቼዋለሁ።»

«አዎ፣ አምኖሻል።»

«ታዲያ?»

ልብስ ሰፊዋ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ማመኑ ምን አደረገልኝ፣ እትዬ? እውነቱንማ ድሮም ያውቁት ነበር። እኔ የለመንኩሽ እንድትዋሺ ነው። ይይዙኝ ነበር ትያለሽ፤ ይያዙሽ! እሱን ይዘውት የለም?»

ጨርቁን ከመርፌው ሥር አስገብታ መርገጫውን ረገጠች። መኪናው ተነሳ። እትዬ ዳስተር እጅጌው ከትከሻው ጋር እስኪገጠም ቆመች፤ ሌላኛውም እጅጌ እስኪገጠም ቆመች። ተቀመጪ ያላት የለም። ውጪ ያላትም የለም።